በልጆቻችን ስም የሚጠሩት ኤሊዎች ያሉበትን ውሃ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የቅዱሳት ስፍራዎች ማስዋቢያ ቦርድ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ጉብኝትዎ በጭቃችን ለተበላሸው ነጭ ጫማዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ የሃሪዶባ መንደር ሰዎች፣ አምላካችን ቪሽኑ ይመስገን፣ በሕይወት አለን፤ ዝናቡ ገብቷል፣ ሩዙም ተተክሏል። ስሜ ኒሩፖማ ይባላል፤ ከመቅደሱ ኩሬ ፊት ለፊት ባለችው ቤት ሐር እየሸመንኩ እኖራለሁ። ቦርድዎ ለመንደራችን የዋለው ውለታ ከልክ አልፎ ሲፈስ እያየሁ ዝም ማለት ምስጋና ቢስነት ስለመሰለኝ፣ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደረጃው አመሰግናለሁ። አያቶቻችን ከኮረብታው ድንጋይ አውርደው የጠረቡት፣ ዓሣና የሎተስ አበባ የተቀረጸበት የኩሬው ደረጃ እጅግ ያረጀ ስለነበር፣ በሚያብለጨልጭ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እንዲሸፈን አድርገዋል። ተሳላሚው አሁን የገዛ ፊቱን እያየ ይወርዳል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሰማዩንም ያያል። ካህናችን ባሮዳኮንቶ በጀርባቸው ተንጋለው በደንብ አይተውታል፤ እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛ፣ ስለ ዋርካው። በላዩ ይሰፍሩ የነበሩት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ራሳቸው መላጣ፣ ጠረናቸውም የማያስጠጋ መሆኑን እኛም አንክድም፤ ተሳላሚ ላይ ኩሳቸውን መጣላቸውም እውነት ነው። ዛፉ የተቆረጠው ግን ጫጩቶቹ ገና ላባ ሳያወጡ ነው። መንደሩ ሁሉ ማሂ፣ ማለትም አክስቴ፣ እያለ የሚጠራት አሮጊቷ ጎረቤቴ ቦኖሞሊ ወጥታ ሠራተኛውን «አንተ፣ ቤትህን ሊያፈርስ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ልጆችህን አያስወጣም?» ስትለው፣ «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው» አላት። «እሱማ መጋዙም ታዞ ነው!» አለችው። ጫጩቶቹን በቅርጫት ለቅመን ልናሳድጋቸው ሞከርን። አንዱም አልተረፈም።

ሦስተኛውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም።

በሃሪዶባ ልጅ የሞተበት ቤት፣ የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ፣ አባትና እናት የሩዝ ፈንዲሻ ይዘው ወደ ኩሬው ይወርዱና የልጃቸውን ስም ይጠራሉ። መጀመሪያ ብቅ ብሎ የበላው ኤሊ ከዚያች ቀን ጀምሮ በልጁ ስም ይጠራል፤ የልጁንም ድርሻ ይበላል። ክቡርነትዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ እንዳይስቁብን እንጂ፣ ልጃችን ኤሊ ሆነ የሚል በመካከላችን የለም። ልጅ ማጉረስ የለመደ እጅ ድንገት ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ስለምናውቅ ብቻ ነው።

የእኔ ልጅ ኬተኪ ትባላለች። በክረምት ትኩሳት ሄደች፤ የወተት ጥርሷ ገና እየተነቀለ ነበር። በስሟ የወጣችው ኤሊ ጀርባዋ ላይ ጭረት ያለባት ፈሪ ናት፤ ሌሎቹ እስኪበሉ ከሎተሱ ቅጠል ሥር ትጠብቅና፣ «ኬተኪ፣ ነይ እንጂ የኔ እናት፣ ሊያልቅብሽ ነው» ስትባል ነው የምትመጣው። ባሌ ዲጋንቶ ልጃችን ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር እምብዛም አያወራም። ከኤሊዋ ጋር ግን ያወራ ነበር፤ የጎረቤቱን ጥል፣ የማሳውን ነገር፣ ከእኔ ጋር የተኮራረፈበትን ሁሉ ሳይቀር ይነግራት ነበር።

ከዝናቡ በፊት ከቦርድዎ አንድ ትሑት ሹም መጣ። ጫማውን አውልቆ አብሮን ተቀመጠ። ኩሬው ሊጸዳ ስለሆነ ኤሊዎቹ ለጥቂት ቀን በንጹሕ ገንዳ እንደሚቆዩ ነገረን። ሠራተኞቹ በመረብ ሊይዟቸው ሞክረው ነበር፤ ኤሊዎቹ ጭቃ ውስጥ ገብተው አልወጣም አሉ። «ማሂ፣ እናንተ ብትጠሯቸው እኮ ሳይጎዱ ይወጣሉ» አላት ሹሙ ቦኖሞሊን። «የምትመልሷቸውስ መቼ ነው?» አለችው። «ዝናቡ ሳይገባ፣ እናቴ ትሙት!» አለ።

እኛም ጠራናቸው። እያንዳንዷ ሴት በተራዋ ወርዳ የልጇን ስም ጠራች፤ ሁሉም መጡ። ኬተኪ እንኳ ያን ቀን ሳታስለምን መጣች። በእጄ አቅፌ መኪናው ላይ የጫንኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ መረብ ያቃተውን በእናት ድምፅ ለጨረሱት ብልህ ሠራተኞችዎ ምስጋናዬን እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዝናቡ ገባ፤ ኤሊዎቹ ግን አልተመለሱም። እንቁላል የሚጥሉበት አሸዋ በሲሚንቶ ታሽጓል። በኩሬው መካከል ውሃ የሚተፋ፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚበራበት የፕላስቲክ ኤሊ ቆሟል። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ አይበላም፣ አያቆሽሽም፣ እንቁላል ልጣል ብሎ አያስቸግርም፣ በስሙም ማንም አላለቀሰም። ቢሮዎ ሄደን ስንጠይቅ አንዱ ግድቡ ውስጥ ተለቀዋል አለን፤ ሌላው ከተማው መናፈሻ ናቸው አለን፤ አንዱ ደግሞ «እናቴ፣ ኤሊ ኤሊ ነው፣ ሌላ ይመጣላችኋል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንደሆነ ይገባኛል። ልጄ ስትሞትም ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ።

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ልቤ ተሰብሯል፣ ክቡር ሆይ፤ በዚህ ልብ ቁጥር መደርደር አልቻልኩም። ሲሚንቶው ይፍረስ፣ መብራቱ ይጥፋ አልልም። የምለምንዎ የውሃውን ስም ብቻ ነው። ግድብም ይሁን መናፈሻ፣ የቱንም ያህል ቢርቅ አውቶቡስ ተሳፍረን እንሄዳለን። ኬተኪ ፈሪ ናት፤ በማታውቀው ውሃ ውስጥ ሌሎቹ ቀድመው ይበሉባታል፤ ነይ የሚላት ሰው ደግሞ እዚያ የለም። ባሌ አሁን ከማንም ጋር አያወራም።

ሴራሚክዎ ሳይሰነጠቅ፣ መብራትዎ ሳይደበዝዝ፣ ወንበርዎም ከነምቾቱ ጸንቶ እንዲቆይልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በሠሩልን ደረጃ ላይ ግድግዳ ይዤ የምራመድ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

የኬተኪ እናት ኒሩፖማ
ከሃሪዶባ

ማሳሰቢያ፦ ቦርድዎ በየአውቶቡስ ጣቢያው የለጠፈውን ማስታወቂያ አይተነዋል፤ በጣም ያምራል። ፎቶው የእኛው ኤሊዎች ናቸው፤ ከሥሩም «በስማቸው ሲጠሩ የሚመጡ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት እናት ያንን አይታ ከሩቅ አገር መጣች። ሕፃን ልጇን በቅርቡ ነው የቀበረችው፤ የሩዝ ፈንዲሻውን በልብሷ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። እውነቱን ልንነግራት አፋችን አልታዘዝ አለን። «ጮክ ብዬ ልጥራው ወይስ በቀስታ?» ብላ ጠየቀችን። ማሂ ቦኖሞሊ «እንደለመድሽው ጥሪው፣ ልጄ» አለቻት። ጠራችው፤ ደጋግማ ጠራችው። ፈንዲሻው እየራሰ ሄዶ ከፕላስቲኩ ኤሊ ሥር ተሰበሰበ። ሲመሻሽ ተነሣችና ዓይኗን ጠርጋ፣ «ሕፃን አይደል፣ ተኝቶ ይሆናል፤ ጠዋት እመጣለሁ» አለችን።