ለወረታ ዳገት የሚሆን ፋን

ታኅሣሥ 8

ዛሬም ወንዛዬ ሄድኩ። ፍል ውሃ የሚገቡ አራት ሰዎች አድርሼ መለስኩ። አንዷ ሴትዮ ጉልበታቸው እንደተሻላቸው ሲነግሩኝ እኔ የፈወስኳቸው ይመስል ደስ አለኝ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ስንጀምር የመኪናዬ የሙቀት መርፌ ከወትሮው ከፍ አለች። ብዙም አላሰብኩበት። ቤት ገብቼ ሽሮዬን በላሁ።

ታኅሣሥ 12

ፈላች። ዳገቱ ላይ፣ ዓለም ሳጋ ጫካ ሳልደርስ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ከኋላ የነበሩት ሁለት ሴቶች በር ከፍተው ዱብ ዱብ። እስክትበርድ አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር... አባባ ከጎኔ ነበሩ። ቤት ደርሰን ነው የተናገሩት።

«እመቤት፣ አንበሳሜ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። ይገዛታል። ሽጫትና ሱቅ ክፈቺ።»

ሰባት ዓመት ኩዌት የሰው ቤት ሳጸዳ ሳስባት የኖርኩት መኪና ናት። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

«የብርቱካን መልስ እስኪያልፍ ይታገሡኝ» አልኩ። እህቴ ጥር 17 ይፋግ ትዳራለች። ለመልስ ሙሽሮቹን ወደዚህ የማመጣው እኔ ነኝ።

«ሙሽሮቹን ይዛ ዳገት ላይ ብትቆምስ?»

«ከቆመች እሸጣታለሁ።»

ከአፌ ወጣ። አሁን ምን ይዋጠኝ?

ታኅሣሥ 14

ጋሽ አስናቀ ጋራዥ ዋልኩ። ራዲያተሩ ታጠበ፣ ውሃ የሚያፈስበት ነገር የለም። ጥፋቱ ነፋስ እየሳበ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ሆነ። በሞተሩ የሚዞር የድሮ ፋን ስለሆነ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያዘግም እሱም ያዘግማል። በዚያ ላይ አርጅቷል።

«በባትሪ የሚዞር ይግባላት» አሉ ጋሽ አስናቀ። «ዳገት በይው ሜዳ እሱ አያውቅም፣ በራሱ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ባሕር ዳር ሂጂና ትልቁን ይዘሽ ነይ።»

ትልቁን... ከምን የሚተልቀውን? ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። አንዱ አንድ ትልቅ ይላል፣ አንዱ ሁለት ትንንሽ። አንዱ ከራዲያተሩ ፊት፣ አንዱ ከኋላ። ግራ ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፤ ሁሉም «መጀመሪያ ለኩ» ይላሉ።

ታኅሣሥ 15

ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። ራዲያተሩ ወርዱ 62፣ ቁመቱ 40። ከራዲያተሩ እስከ ሞተሩ ያለው ክፍተት 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ! ሁለቴ ለካሁ። ያው ዘጠኝ።

ጋሽ አስናቀ ሲያዩኝ ቆይተው «ቀሚስ ልታሰፊላት ነው?» አሉ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቁጥሮቹን ግን እጄ ላይ ጻፍኳቸው።

ታኅሣሥ 19

ባሕር ዳር። ደሳለው የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ጋ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ከትልቅ መኪና የወለቀ ፋን አንሥቶ ባትሪ ላይ ሰካው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት በሙሉ በረረ።

«እህቴ፣ ይሄ በረዶ ያደርግልሻል።»

«ውፍረቱስ?»

ለካነው። 13። አይገባም።

«ከፊት ይታሠራላ!»

«ስንት አምፔር ይበላል?»

ሄዶ መለኪያ አመጣ። ፋኑ ሲነሣ ወደ አርባ ደረሰ፣ ሲረጋም ሠላሳ አካባቢ። ባትሪዬን የሚሞላው ዲናሞ አሮጌ ነው፤ ሙሉ አቅሙ ስድሳ። መብራት ሳበራ፣ ዝናብ መጥረጊያውም ሲጨመር... ባትሪዬን ባዶ ሊያስቀርብኝ ነው።

ደሳለው አላኮረፈም፤ እንዲያውም ነገሩ ጣመው መሰል መደርደሪያውን ሁሉ ያወርድ ጀመር። በመጨረሻ ሁለት ቀጫጭን ፋኖች ጎን ለጎን አስቀመጥን። እያንዳንዳቸው ወርዳቸው 30፣ ውፍረታቸው 6 ተኩል። ሁለቱ አብረው አሥራ ስምንት አምፔር። ለራዲያተሩ 62 ልክ መጣልኝ። ሙቀት ሲደርስ በራሱ የሚያስነሣቸው ማብሪያም ያዝኩ።

«መካኒክ ነሽ?» አለኝ ሲሸኘኝ።

«ሹፌር ነኝ።»

እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ይሆን? እንጃ።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ታሠሩ። ጋሽ አስናቀ ነፋሱ በጎን እንዳያመልጥ ከቆርቆሮ ሽፋን ቀጥቅጠው ሠሩላቸው። ቆንጆ ሥራ ነው። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ወደ ወረታ ወረድን፣ ዞረን ሽቅብ... መርፌዋ ወጣች። ወጣች። ዓለም ሳጋ ስንደርስ ጥግ ይዤ አቆምኩ። ላለቅስ ደርሼ ነበር።

«ፋኖቹ እየዞሩ ነው እኮ» አሉ ጋሽ አስናቀ።

እውነት ነው፣ እየዞሩ ነው። ወርጄ ፊት ለፊት ቆምኩ። ትኩስ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ከፊት እኮ ነፋስ መግባት እንጂ መውጣት የለበትም! ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ወደ ራዲያተሩ ባስጠጋው ገፍቶ ጣለው።

«ጋሽ አስናቀ፣ ወደ ውጭ እየነፉ ነው።»

መጥተው አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሽቦውን ገልብጬው ነው» አሉ። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው፣ አፍረው እንደ ልጅ መሬት መሬት ሲያዩ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ። መንገድ ላይ ቆመን ሽቦዎቹን አቀያየርን። ወረቀቱን መልሼ ባስጠጋ ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ አለ!

እንደገና ወረታ ወርደን ወጣን። መርፌዋ ከግማሽ ንቅንቅ አላለችም።

ታኅሣሥ 30

ገና በሰላም አለፈ። አባባ ስለ መኪናዋ አንድም ነገር አልጠየቁም። እኔም ስለ ፋኖቹ አልነገርኳቸውም።

ጥር 19

መልስ። ከይፋግ ሰባት ሆነን ተነሣን። ብርቱካንና ባሏ ሙሉቀን፣ ሚዜዎቹ፣ አባባ ከፊት። ፀሐዩ ሲያቃጥል! ከወረታ በኋላ ጭነት መኪና ቀድሞን ዳገቱን በእግረኛ ፍጥነት ያዘ። ማለፍ አይቻልም። ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ እኔ መርፌዋን አያለሁ። ከግማሽ ትንሽ አለፈች... ፋኖቹ ሲነሡ ሰማኋቸው። ተመለሰች። አባባም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መርፌዋን እያዩ ነበር ለካ! ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ደብረ ታቦር ስንገባ ወጡ በየድስቱ ትኩስ ነበር። ብርቱካን ጆሮዬ ላይ «ሳልላብ ደረስኩልሽ» አለችኝ።

ጥር 23

አባባን ዘር ገብስ ሊገዙ አንበሳሜ ወሰድኳቸው። ሊገዛት ያሰበው ሰው፣ ጥላዬ ይባላል፣ ገበያው ጫፍ ሲጠብቀን አገኘነው። አባባ ቀጥረውት ይሆን እንዴ?

መኪናዋን ሁለቴ ዞራት። ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

«ታዲያስ አባቴ፣ እንነጋገር?» አለ።

«እኔን ምን ታናግረኛለህ?» አሉ አባባ። «ባለቤቷ ቆማለች።»

ከገዛኋት ጀምሮ ስለ መኪናዋ ሰው ሲጠይቅ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። «አትሸጥም» አልኩት።

ገብሱን ጫንን። ስንመለስ የወረታን ዳገት ጀምረን አንድ ነገር ልነግራቸው ዞር ብል፣ አባባ ተኝተዋል። ሬዲዮውን ቀነስኩላቸው።