የወሩ ዘይት

ጥቅምት 6

ደንበኛ የለም። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ግን አልቀረም። የእድሳት ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ራሱን ነቀነቀ። አምና አንዱ ጣቱን፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ እግሩን ተጎድቶብኝ ለሦስቱም ካሳ ከፍለዋል። አሁን ዓመታዊ ክፍያዬን ሊያንሩብኝ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ የበርና የመስኮት ወርክሾፕ ነው ወይስ የጦር ሜዳ?» አለኝ።

ሳቅሁለት። ምን ላድርግ?

ከሄደ በኋላ አሰብኩበት። «ተጠንቀቁ» እያልኩ መጮህ የትም አላደረሰኝም። ሌላ መላ ያስፈልጋል...

ጥቅምት 9

ሠራተኞቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ማንም ሳይጎዳ ወሩ ካለቀ ለእያንዳንዱ ባለ አምስት ሊትር ዘይት። አንድ ሰው እንኳ ከተጎዳ ለማንም የለም።

ፎርማኑ «ለማንም?» አለ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሲጠይቅ መሬት መሬት ያያል።

«ለማንም። ሰው ለገዛ ጣቱ ባይጠነቀቅ ለጓደኛው ዘይት ይጠነቀቃል» አልኩት።

ጥሩ አባባል ነው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ኅዳር 1

ዘይቱ ታደለ። ሰልፍ ይዘው፣ እየተገፋፉ፣ እንደ ልጅ። ብረት ቆራጩ ሳቂታው ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ጨፈረ።

«እትዬ፣ ዛሬ ሚስቴ በር ላይ ቆማ ነው የምትቀበለኝ! እስከ ዛሬ የምትቀበለኝ ደመወዝ ቀን ብቻ ነበር።»

«አንተን ሳይሆን ዘይቱን ነው» አለው ፎርማኑ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም።

ታኅሣሥ 1

ሁለተኛው ወርም በሰላም አለቀ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት። ፋሻው እንደታሸገ ነው፣ ክዳኑም አቧራ ጠጥቷል። አምና በየሳምንቱ ነበር ፕላስተር የምገዛው። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ደውሎ «ምን አስማት ሠሩ?» አለኝ።

አስማት አይደለም። ሰውን ማወቅ ነው።

ታኅሣሥ 19

ሳቂታው ጥቁር መነጽር አድርጎ ገባ። የፀሐይ መነጽር፣ ጣሪያ ሥር!

«ዘፋኝ ሆንክ እንዴ?» አልኩት።

«ካሴቴ ሲወጣ ለእርስዎ በነፃ ነው፣ እትዬ።»

ሌሎቹ አልሳቁም። ቀልዱን ጠዋት ጨርሰውት ይሆናል።

ታኅሣሥ 23

የትምህርት ቤቱ በር ተጣሞ ወጣ። ላሜራው በግራ በኩል ጠቦ ተቆርጧል። ደንበኛው ፊት አፈርኩ። ሳቂታውን ጠርቼ ልክ ልኩን ነገርኩት።

«ዓይንህን ምን ጋረደው?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።» እንዲህ ዓይነት መልስ ከእሱ ለምጄ አላውቅም። ፎርማኑ ሮጦ መጥቶ «እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ። ማን ጠየቀው?

ጥር 1

ዘይት ታደለ። ሳቂታው የእሱን ለመውሰድ ሲዘረጋ እጁ ጀሪካኑን ሳተው። ፎርማኑ አንስቶ አስያዘው።

ጥር 5

የሳቂታው ሚስት መጣች። ጀሪካኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ጎድሏል።

«የበላነውን ይማሩን፣ እትዬ። የቀረው ይኸው።»

«ምን ሆንሽ? ተቀመጪ።»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ባሌ ነው እንጂ። ግራ ዓይኑ አያይም።»

ከመቁረጫው የተፈናጠረ የብረት ስባሪ ነው... በታኅሣሥ አጋማሽ። ጓደኞቹ ከበው በማግኔት ሊያወጡለት ሞከሩ። ጠብታ ገዝተው ጨመሩለት። «ወሩ እስኪያልቅ ቻለው» አሉት። ቻለው። ወሩ ሲያልቅም ቻለው፤ ሐኪም ቤት ከሄደ የሚቀጥለው ወር ሊበላሽ ነዋ!

ስትወጣ ጀሪካኑን ጥላው ሄደች። እስካሁን አላነሳሁትም።

ጥር 6

ሳቂታውን ከፎርማኑ ጋር ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ስባሪው ውስጥ ቀርቶ አመርቅዟል አለ። ግራው አልቆለታል። ቀኙን ለማትረፍ ግራውን ያወጡታል። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ? «በዚያው ቀን ቢመጣማ...» ብሎ እጁን ታጠበ።

ኮሪደሩ ላይ ፎርማኑን ያዝኩት። «እንዴት አይነግሩኝም?»

«ስምንት ቤተሰብ ነው፣ እትዬ። በአንድ ሰው ዓይን የስምንት ቤት ዘይት...» አቋረጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለጓደኛው ዘይት ይጠነቀቃል ብለው አልነበር? ተጠነቀቀ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ነቀዘ።

ጥር 9

የኢንሹራንሱ ሰውዬ በሩን ዘግቶ ነገረኝ። ጉዳቱ በጊዜው ስላልተነገረ ካሳ የለም። «ግን እትዬ... ትናንት ነው የተጎዳው ብለው ቢጽፉስ?»

አሰብኩ። ትናንት ብዬ ብጽፍ እነሱ ይከፍላሉ፣ የዘይቱንም ነገር ማንም አያነሳውም። ግን የሐኪሙ ወረቀት ቁስሉ የቆየ ነው ይላል። ውሸቱ ከተያዘ ሳቂታውም ባዶ እጁን፣ እኔም ፍርድ ቤት።

እውነቱን ጻፍኩ። ከነዘይቱ። ደግነት አይደለም፣ ሂሳቡ እንዲያ ስለሚል ነው።

ነው?

የካቲት 2

መድኑ አልከፍልም አለ፤ እንደጠበቅሁት። ካሳው በእኔ ላይ ወደቀ። የላሜራ ማጠፊያ ማሽኑን ሸጥኩ፤ ገንዘቡን ለሚስቱ ሰጠኋት። ተቀበለች። አላመሰገነችም። ለምን ታመሰግነኛለች?

የካቲት 10

ሳቂታው ተመለሰ። መቁረጫው ጋ አይቆምም፤ ደንበኛ ተቀባይ አደረግሁት። በግራው ሳልፍ አያየኝም። አንድ ሁለቴ አስደነገጥኩት። አሁን እንዲሰማኝ እየሳልኩ ነው የማልፈው።

ዘይቱ መቆሙን ለሁሉም ነገርኩ። «የተጎዳ ይንገረኝ። የሚቀርበት ነገር የለም።» አንገታቸውን ነቀነቁ።

መጋቢት 3

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑን ከፈትኩት። ያው አቧራ። ብረት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሳይጫር ወር ይሞላል? ይሄን ታኅሣሥ ላይ መጠየቅ ነበረብኝ።

ጠዋት ሰብስቤ «ደህና ናችሁ?» አልኳቸው።

«ደህና ነን፣ እትዬ» አሉ ባንድ ድምፅ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«እጅ» አልኩ።

ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ አወጡ። በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣት። የጠቆረ ጥፍር። ብየዳ የላጠው መዳፍ። የፎርማኑ መጨረሻ ወጣ፤ የእሱ ከሁሉም ይብሳል፣ አብጧል። ሐኪም ቤት ላክሁት። ለሌሎቹ ፋሻውን ቀድጄ አንድ በአንድ አሰርኩ። ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ራሴ አያለሁ። በአፋቸው ማመን ቀርቷል። እነሱም እኔን አያምኑም።

ሳጥኑን ስዘጋ ሳቂታው ከመቀመጫው ጮኸ፦

«እትዬ! እኔስ? የኔን አያዩልኝም?»

መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ሳቀ፣ እንደ ድሮው።

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።