የመሪጌታ ሕዝቅያስ ድምፅ ያለበት ኮምፒውተር ቅዳሜ እንዳይነካ

ቀን፦ ነሐሴ 17 ቀን 1999 ዓ.ም. (ኦገስት 23 ቀን 2007)

ለክቡር አቶ ሀብተወልድ ጫላ
የደብረ ዜማ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር
ኪሌሌሽዋ፣ ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ በድምፅ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ለቅዳሜ ነሐሴ 19 ቀን የተያዘው የሲስተም ለውጥ ለሃያ አንድ ቀን እንዲዘገይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሐሊና ጓንጉል፣ የማኅበሩ የድምፅና የምስል ክፍል ኃላፊ፣ ይህን አቤቱታ በጽሑፍ ለማቅረብ የተገደድኩት ሁለት ቀን ብቻ ስለቀረን ነው። ትናንት በስልክ ላስረዳዎት ሞክሬ ነበር፤ የዌስትላንድሱ ምግብ ቤትዎ የምሳ ጫጫታ አሸነፈኝ። «ቅዳሜ ሲያልቅ እናወራለን» ብለውኝ ዘጉ። ቅዳሜ ካለቀ በኋላ የሚወራ ነገር አይኖርም።

1. ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ላስመዝግብ። ሐምሌ 8 ቀን በተደረገው ስብሰባ የማኅበሩ ሦስት ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ ሲስተም እንዲዛወሩ ከፈረምነው አምስት የኮሚቴ አባላት አንዷ እኔ ነኝ። እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሮጌው ሲስተም ፊልም ለማቀናበር ይንቀራፈፋል፣ ሥዕል ሲበዛበት ደርቆ ይቀራል፣ አዲሱ ከመጣ ግን ለመስከረም 1 የታሰበውን የሚሊኒየም ፊልም እንደ ልብ እንሠራበታለን ብዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰበክሁ። ክቡርነትዎም «ወደ አዲሱ ሺህ ዓመት በአሮጌ ኮምፒውተር አንገባም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ ይህ ደብዳቤ የእኔ ለቀማ ነው።

2. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት መሪጌታ ሕዝቅያስ በዚህ ከተማ ለሃያ ሁለት ዓመት ልጆቻችንን ፊደል ያስቆጠሩ፣ በዓላችንን በዜማ ያቆሙ ሰው ናቸው። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ናይሮቢ ስገባ አማርኛዬ በስዋሂሊ ሊዋጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ዛሬ ይህን ማመልከቻ ያለ ሰው እርዳታ የምጽፈው በእሳቸው የቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከአየር መንገድ ሥራዬ ስወጣ የዓመቱን በዓላት ዜማ፣ ከመምህራቸው በቃል በተቀበሉት አካሄድ፣ ከእሳቸው አፍ ስቀዳ ቆይቻለሁ። እስካሁን የተቀዳው ሃምሳ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን አካሄድ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ድፍረት ይሆንብኛል። እኔ ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

3. ባለፈው ግንቦት በጉሮሯቸው በተገኘው ሕመም ምክንያት ሐኪሞች ሕይወታቸውን አትርፈው ድምፃቸውን ወሰዱ። ስለዚህ ከእንግዲህ አንዲትም ቃል አይቀዱም። ያለው ያው የተቀዳው ነው።

ክቡርነትዎ «ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ ሲዲ ላይ አላወጣሽውም?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የሰነበትሁት። መሪጌታ ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ማይክራፎኑን ሳስተካክል፣ አንድ ነገር አስማሉኝ፦ «ልጄ፣ ያልታረመ ዜማ ከቤት አይወጣም። ተማሪ እንኳ ሳይቃና አደባባይ አይቆምም።» እያንዳንዱን ቁራጭ ደግመው ሰምተው፣ የተሳሳተውን አስነቅሰው፣ «ይሁን» ሳይሉ የሚሰማ ቅጂ እንዳይወጣለት ቃል ገባሁ። እሳቸው የሚያስቡት ስለ ዜማ ክብር ነበር፤ ስለ ማሽን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚለውን ተረት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ተማርኩት፣ በፈተና ጻፍኩት፣ ከዚያም ረሳሁት። ታርሞ «ይሁን» የተባለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ገና ከማሽኑ አልወጣም፣ ሁሉም አልቆ ባንድ ላይ ይወጣል ተባብለን ነበርና።

4. አዲሱ ሲስተም ምን እንደሚያደርግ በግምት አልናገርም፤ አይቼዋለሁ። የጽሕፈት ክፍሉ ኮምፒውተር ባለፈው ሳምንት ከተቀየረ በኋላ፣ መላውን ሥራ በግርድፉ ገልብጬ እዚያ ላይ ለመክፈት ሞከርኩ። የመቅጃ ካርዱን አዲሱ ሲስተም አያውቀውም፤ ካርዱን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። የመቅጃ ፕሮግራሙ ደግሞ ካርዱን ካላየ አይከፈትም፤ ፋይሎቹን ከእሱ ሌላ የሚያነብ የለም። ካርዱም ፕሮግራሙም የሚሠሩት በድምፅ ክፍሉ አሮጌ ማሽን ላይ ብቻ ስለሆነ ግልባጩ ብቻውን አይጠቅምም። በዝርዝሩ ላይ ሁሉም አሉ። ዮሐንስ፣ መስቀል፣ ጽጌ፣ ልደት፣ ጥምቀት፣ ሆሣዕና፤ ስማቸው፣ ቀናቸው፣ መጠናቸው ሳይዛነፍ ተደርድሯል። ሲነኳቸው ግን ዝም ነው። ቅዳሜ ሥራውን የሚሠሩት የኮምፒውተር ባለሙያው አቶ ኑሬ ከሳውዝ ሲ መጥተው ግማሽ ቀን ታገሉ። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው «ሐሊና፣ ፖሌ ሳና። ድምፁ ውስጡ አለ፤ የሚያወጣው ግን የለም» አሉኝ። እዚህ አገር ፖሌ የሚባለው እግሩን እንቅፋት ለመታውም አባቱ ለሞተበትም ነው። ለየትኛው እንዳሉኝ አልጠየቅኋቸውም።

5. አሮጌው ባለበት ይቀመጥ ማለቴም አይደለም፤ ይህን ሳልደብቅ እገልጻለሁ። የድምፅ ክፍሉ ኮምፒውተር ራሱ እየሞተ ነው። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ሲጀምር በቀን አንድ ጊዜ ነበር፣ አሁን በሰዓት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ እሰማዋለሁ። ዲስኩን ነቅለን በሌላ እንተካው ብል አቶ ኑሬ አንዴ ከጠፋና ከተነቀለ ላይነሣ ይችላል አሉኝ። ድምፁ ወደ ሲዲ የሚወጣው ደግሞ በተዘመረበት ፍጥነት ነው፤ የሃምሳ ሁለት ሰዓት ዜማ ሃምሳ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማሽኑ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አይታመንም። ሃያ አንድ ቀን ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ መብራት የሚጠፋበትን ቀን ጨምሬ።

6. ዛሬ የሆነውን ጨምሬ ካልጻፍኩ አቤቱታዬ ጎዶሎ ይሆናል። መሪጌታ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሁለት ማታቱ፣ በዚህ አገር ሚኒባስ፣ ተሳፍረው ይመጣሉ። ድምፅ ስለሌላቸው በመቋሚያቸው ነው የምንግባባው፦ ወለሉን አንድ ጊዜ ሲመቱ ይቀጥል፣ ሁለት ጊዜ ሲመቱ ይደገም። ዛሬ የምናርመው የዘንድሮውን የትንሣኤ ዜማ ነበር፤ ከሕክምናው በፊት በመጨረሻ የዘመሩት እሱን ነው። ከመካከሉ ስንደርስ ማሽኑ ቀጭ አለና ድምፃቸው አንዲት ቁራጭ ላይ ተሰንቅሮ እሷኑ ደጋገመ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

መሪጌታ ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱ።

ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት፤ አልተነሣም። እንደገና ሞከርኩ። እሳቸው አሁንም ሁለት ጊዜ መቱ። ፊቴን እንዳያዩት ጀርባዬን ሰጠኋቸው። በአራተኛው ሙከራ ሲነሣ፣ ደብተራቸውን ስበው በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ደክሞታል። አታስቸኩዪው።» ስለ ቅዳሜ አልነገርኳቸውም። «የሚቀጥለው ሐሙስ እንጨርሰው ይሆናል» አልኩና ታክሲ ላይ አሳፈርኳቸው። በሕይወቴ መምህሬን ስዋሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

ስለሆነም፦

ሀ. የድምፅ ክፍሉ ኮምፒውተር ከቅዳሜው ሥራ ተለይቶ እስከ መስከረም 4 ቀን ሳይነካ እንዲቆይ፤ ክፍሉም ተቆልፎ ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ እንዲሆን፤

ለ. ከመሪጌታ ጋር የገባሁትን ቃል ሽማግሌዎች እንዲያነሡልኝ፣ ያልታረመውም ቢሆን ከነስሕተቱ እንዲገለበጥ፤ በዚህ የሚቀየሙኝ ከሆነ ቅያሜውን እኔ እሸከማለሁ፤

ሐ. የሚሊኒየሙን ፊልም በጽሕፈት ክፍሉ ማሽን እንድሞክረው እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ያ ማሽን አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ፊልሙ ለመስከረም 1 ላይደርስ ይችላል። ይህን እያወቅሁ ነው የምጠይቀው። በአዳራሹ የሚቀመጡት አራት መቶ እንግዶች ባዶ ሸራ ቢያዩ ስሜ ይጠራ። ፊልም በጥቅምትም ይሠራል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሁሉ አይቻልም ከተባለና ቅዳሜ ጠዋት ሥራው የሚቀጥል ከሆነ አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ወሬው በስልክ ወይም በእኔ አፍ እንዳይደርሳቸው። እንደ ደንባችን፣ ክቡርነትዎ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ሳውዝ ሲ ቤታቸው ይሂዱ። ልጃቸው ወይዘሮ የምሥራች አስቀድማ ትወቅ፣ ጎረቤት ይጠራ፣ እሳቸውም ይቀመጡ፤ ከዚያ መርዶ በሚነገርበት ሥርዓት ይንገሯቸው። መርዶ የሰማ ሰው ይጮኻል። እሳቸው ሊጮኹበት የሚችሉት ድምፅ ግን እኛ በምንደመስሰው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ በዚያ ማለዳ ቤቱ ጸጥ ቢል አይደነቁ። ወለሉን ሁለት ጊዜ ቢመቱም፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

መልስዎን እስከ ነገ ዓርብ አሥር ሰዓት በዚያው በድምፅ ክፍሉ፣ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሐሊና ጓንጉል

ግልባጭ፦
ለአቶ ኑሬ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ
ለወ/ሮ የምሥራች ሕዝቅያስ፣ ሳውዝ ሲ (ውሳኔው እስኪታወቅ በእጄ ይቆያል)