የሶሲ ላፕቶፕ

ሶሲዬ፣
ላፕቶፕሽን አትክፈቺው። ከከፈትሽውም «ፎርማት ይደረግ?» ሲልሽ እሺ እንዳትዪ። ምንም አትጫኚበት፤ የተረፈ ነገር ካለ በላዩ እንዳይጻፍበት።

«ሲ ድራይቭ ሞልቶ አስቸገረኝ» ስትዪ ሰምቼ፣ ከዲ ድራይቭ ቦታ ቀንሼ ላሰፋልሽ ነበር። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው እንደማይሠራ አውቅ ነበር። አስቀድሞ ፋይሉን ሌላ ቦታ መገልበጥ እንደሚገባም አውቅ ነበር፤ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው። አንቺም ኮፒ ያዢ ስልሽ...
ተይው።

መብራት ሲመጣ ፋይሎችሽ የነበሩበት ዲ ባዶ ሆኗል። አባትሽ ከማረፋቸው በፊት የቀዳሽው ድምፃቸውም አብሮ ሄዷል። የኮምፒውተር ጠጋኙ ምንተስኖት አይቶት «ተስፋ አትስጫት» አለኝ።

አርሲ ነገሌ እናቴ ጋ ሄጃለሁ።

ሌላ ቅጂ እንዳለሽ ልጠይቅሽ ደውዬ፣ ሳታነሺው ዘጋሁት።
የለሽም።

አያንቱ