ባለቤት ያጣ ጣሪያ

ለተከበሩ የከተማችን የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከራስዎም በላይ ያለው ጣሪያ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራውን አንድ ወሬ ማረም ይኖርብኛል፤ ስሕተት አይቼ እንዳላልፍ ተደርጌ ነው ያደግሁት። አሮጊቷ የእህቷ ልጅ በሀብታም ሰፈር ቤት ልትገዛ መሆኗን ሰምታ ቅናት ይዟታል፣ ብቻዋን እንዳትቀርም ፈርታ ግዢውን ለማፍረስ ትሯሯጣለች ይባላል፤ ወሬው የተነሣውም ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮቶች ከአንደኛው ነው አሉ። ሁለት ስሕተት አለበት። በመጀመሪያ፣ ብቻዬን መኖር እወዳለሁ፤ የእህቴ ልጅ ልጆቿን ይዛ በመጣች ቁጥር መነጽሬን የማገኘው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ጉልበት አልሯሯጥም።

የእህቴ ልጅ የጥርስ ሐኪም ናት። ልትገዛው ያሰበችው ቤት ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ፣ ጠባብና ረጅም፣ ምድር ቤቱ የልብስ መደብር፣ ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት ፎቆች መኖሪያ የሆኑ ነው። ከታች ልትሠራበት፣ ከላይ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትኖርበት ትፈልጋለች። ሰፈሩ ዛፍ በመቀስ የሚከረከምበት፣ ውሻ ከእኔ ይልቅ ተበጥሮ የሚወጣበት ነው። ውሉ ነገ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት፣ አንደኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ፣ የገዢም የሻጭም ቤተሰብ በተሰበሰበበት ይፈረማል። ለዚህ ቀን ያበቃን ጽሕፈት ቤትዎ ለቤቱ የሰጠው የደኅንነት ማረጋገጫ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የንግድ ቤቶች ክፍልዎን አመሰግናለሁ። ሻጩ መደብሩ ሰፊ እንዲሆንለት ከመካከሉ የነበረውን ወፍራም ግድግዳ ሲያነሣ፣ መርማሪዎ በፊት ለፊት በር ገብቶ ስፋቱን ለክቶ፣ መውጫውን አይቶ፣ ብርሃኑንም አድንቆ ፈቅዷል። ቀና ብሎ ግን አላየም፤ ከመደብሩ በላይ ያለው የመኖሪያ ቤቶች ክፍል ሥራ ነውና በሰው ድንበር ዓይኑን አላሳረፈም። እንዲህ ያለ ጨዋ ዛሬ ከየት ይገኛል?

፪. የመኖሪያ ቤቶች ክፍልዎንም እንዲሁ። የእነርሱ መርማሪ በጓሮው ደረጃ ወጥቶ አዲሱን መታጠቢያ ቤት፣ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለውንም ትልቅ የውሃ ታንከር መርምሮ፣ ወለሉ በቦታው መኖሩን አረጋግጧል። ወለሉ በምን ላይ እንዳረፈ አልጠየቀም፤ እርሱ የንግድ ቤቶች ክፍል ሥራ ነው። ስለዚህ አንዱ ክፍል ተሸካሚውን አስነሣ፣ ሌላው ሸክሙን ጨመረ፣ ሁለቱም በሕግ ሆነ። እኔም በሁለቱ መካከል ያለው ጣሪያ የማን ነው ብዬ ለመጠየቅ መጥቼ ነበር። የመጀመሪያው መስኮት ጸሐፊ ለላይኛው ቤት ወለሉ ስለሆነ ወደ ጎረቤቱ መስኮት ላከኝ፤ ጎረቤቱም ለታችኛው ቤት ጣሪያው ስለሆነ መልሶ ላከኝ። ሁለቱ ጸሐፊዎች ካሉበት ሳይነሡ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ይችላሉ።

፫. ቤቱን ከእህቴ ልጅ ጋር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋ ነበር፤ በሚቀጥለው በትከሻ እየተገፋ ተዘጋ፤ አሁን አይዘጋም። የመደብሩ ትልቅ መስተዋት ማንም ሳይነካው ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀና በአዲስ ተተካ፤ አዲሱም ጥጉ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ጀምሯል። መደብሩን የተከራየው ነጋዴ ጥቁር ካፖርቶቹ ላይ በየቀኑ የሚያራግፈው ነጭ ዱቄት የመንገድ አቧራ መሆኑን ይምላል፤ እኛ ከተማ የመንገድ አቧራ ነጭ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ደላላውን ብጠይቀው፣ እማማ፣ አይጨነቁ፣ ቤት እንደ ሰው ነው፣ ነዋሪ ሲያገኝ ይረጋል፣ አሁን እየተላመደ ነው አለኝ። ከምን ጋር እንደሚላመድ ስጠይቀው ስልኩ ጠራለት። ስልኩ ሲጠራ ግን እኔ አልሰማሁም፤ የሰማሁት ከላያችን አንድ ነገር በቀስታ ሲንቋቋ ነው።

፬. ማመልከቻዬን በትሕትና ስለመለሳችሁልኝም አመሰግናለሁ። መመሪያው አቤቱታ የሚቀበለው ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለሚደርስ ጉዳት እንዳልሆነ፣ ጉዳቱም ሲደርስ በቤቱ የሚኖር ሰው ራሱ ቀርቦ ማመልከት እንዳለበት ተነግሮኛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር መመሪያው ስላላካተተው አልቀየምም። ያን ጊዜ ራሱ ቀርቦ የሚያመለክት ሰው ከየት እንደሚገኝ ግን ጸሐፊዎ አላብራራልኝም።

በእህቴ ልጅ አትፍረዱባት። የምላትን ሁሉ በትዕግሥት ሰምታ፣ አክስቴ፣ ማኅተም አለው እኮ፣ እነርሱ ካንቺ ይበልጥ አያውቁም? አለችኝ። ልጅቷን መንግሥት ማኅተም ያሳረፈበትን ነገር እንድታምን አድርጌ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ልጆቿም የየአልጋቸውን ቦታ መርጠዋል፤ ትንሿ የመረጠችው ድሮ ግድግዳው ከነበረበት በላይ ያለውን ጥግ ነው።

የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱን መርማሪዎች ነገ ጠዋት በአንድ ጊዜ ይላኩልን፤ አንዱ ከታች ሆኖ ቀና ይበል፣ አንዱ ከላይ ሆኖ ጎንበስ ይበል። ምናልባት በስንጥቁ በኩል ይተያዩ ይሆናል።

የሥራ ድንበርዎ የተከበረ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ማኅተምዎ ቀለም የማያጣ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንዲት መስኮት ለመስኮት የተመላለሰች አክስት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ነገ እፈለግ እንደሆነ የት እንዳለሁ እንዲያውቁ ይሁን። በመጀመሪያ፣ ቁርስ ብዬ የጠራኋቸውን የእህቴን ልጅ፣ ባሏንና ልጆቿን ቤቴ አስገብቼ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ፤ ይጩኹ፣ ጎረቤቶቼ ጩኸት ለምደዋል። ቀጥዬ የልብስ ነጋዴውን ሠራተኞቹን ይዞ እንዲወጣ እነግረዋለሁ፤ እምቢ ካለ ደጃፉ ላይ ቆሜ ደንበኛ አላስገባም፤ ከአሮጊት ጋር መታገል ለገበያው አይበጀውም። ሻጩንና ደላላውንም ፊርማው ቀርቷል ብዬ ከበር እመልሳለሁ። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ በርዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቤቱ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ድምፁ ሲሰማ፣ ደንግጠው ወጥተው ምንድን ነው ብለው የሚጠይቁት ሰው እንዳያጡ ብዬ ነው።