ሳልተረጉም የዋጥኩት

ሰኞ፣ ጥር 12፣ 1995 ዓ.ም.
ዛሬም ምሳ ያቀረብኩት ወጥ ቤት ነው። የሳሎኑን ጠረጴዛ የፈረንሳዊው አሠሪዬ የሙሴ ሉዊ ፎቶዎች ይዘውታል፤ «ሙሴ» በእነሱ ቋንቋ «አቶ» ማለት ነው። ሁሉም የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቸው። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከእንግሊዞች ጋር ሆነው፣ ከባሕር ማዶ ከኤደን ወደብ እየተነሱ የጣሊያንን ጦር የደበደቡበት። ሁለቴ ክንፉ ተበስቶ ተመልሷል። አንዴ ሞተር ተቀይሮለታል። በመጨረሻ ሞተሩ ተቃጥሎ እዚሁ አገር፣ ዮቦኪ አጠገብ፣ ድንጋያማው ሜዳ ላይ፣ በሆዱ ተንሸራትቶ አረፈ። አባትየው ተረፉ። ልጅየው አሁን እዚያ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆሙ ነው።

ያን ቀን በዓይናቸው ያዩ አንድ አፋር ሽማግሌ ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ሰፈር ተገኝተዋል። ነገ ይመጣሉ። አሳይታ አድጌ አፋርኛ ስለምችል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል። ለአንድ ቀን እንኳ ከመጥረጊያው ላርፍ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ማስታወሻዬ፣ ላንቺ መናገርም ከበደኝ።

ሽማግሌው፣ ሐጂ ሁመድ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ሁለቱም ፈረንሳይኛ አያውቁም። ሐጂ እንደነገሩኝ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ። ከማረፉ በፊት እንዲቀለው የያዘውን ቦምብ ሸለቆው ውስጥ ጣለ። ቤተሰባቸው እዚያ ሰፍሮ ነበር። እናታቸውና ታናሽ እህታቸው ሞቱ። አባታቸው ግን ከአውሮፕላኑ ለወጡት ሰዎች ውሃ ሰጡ።

ስለ ማረፉ ተረጎምኩ። ስለ ውሃው ተረጎምኩ። ቦምቡን ዋጥኩት።

ገና «ውሃ» ስል የሙሴ ዓይን እንባ ሞላ። አሳዘኑኝ። ቦምቡን የዋጥኩት ግን ለዚያ ብቻ አይደለም፣ አልዋሽሽም። የዚህን አገር የመኖሪያ ፈቃዴን የሚያስጨርሱልኝ እሳቸው ናቸው።

ሙሴ ተነስተው ሐጂን አቀፏቸው። አለቀሱ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ፦
«ሁሉንም ነገርሽው?»
«አዎ፣ አባ።»
«ይቅርታ መጠየቁ ነው እንግዲህ። እኔም ይቅር ብያለሁ በይው።»

ምን ብዬ ተረጎምኩ? ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ ይላሉ፣ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 15
ሙሴ ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን አነበቡልኝ። «ማንንም ሳይጎዳ እዚህ አረፈ» ይላል። ቅዳሜ ድንጋዩ ሲመረቅ በአፋርኛ እንዳነበው ፈለጉ። ሐጂ ፊት! 

ከምሳ በኋላ የዋጥኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልጮሁም። ምነው በጮሁ። ፎቶዎቹን ሰበሰቡ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ባልባላ ውሰጂኝ አሉ። 

ሐጂ እንደ ዘመድ ተቀበሉን። ሙሴ ተናገሩ፤ እያንዳንዷን ቃል ተረጎምኩ። ማክሰኞ ስለ ቦምቡ ምንም አላወቁም ነበር። ያለቀሱት ለአባታቸው ነበር። ይቅርታ የሚጠይቁት ዛሬ ነው።  ሐጂ የሙሴን እጅ ያዙ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ሙሴ የሟቾቹን ስም ጠየቁ። ድንጋዩ ላይ ይጻፍ ብለው። ተረጎምኩ። ሐጂ ለልጃቸው፦
«ጎረቤታችንን መምህሩን ጥሪልኝ። እሱ ፈረንሳይኛ ያውቃል።»
«እኔ አለሁ እኮ፣ አባ።»
«የእናቴን ስም በአንቺ አፍ አልሰጥም።»

ሙሴ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ፊቴን የት ላድርገው?

መምህሩ ሲገባ ወጣሁ። ከውስጥ ሐጂ መናገር ጀመሩ። ስሞቹን እንዳልሰማ ከበሩ ራቅሁ።