ዜናው ለእኛ፣ ግርጌው ለፍየሎቹ

ለከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ኅዳር 1976 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእርስዎም፣ የባለቤትዎም፣ የልጆችዎም ጤና የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ባለፈው ሳምንታዊ ዜናችሁ ቁጥር አራት ላይ በእጥፍ መርባታቸውን በኩራት ያበሠራችሁን የትምህርት ቤቱ የምርት ክፍል ፍየሎችም እንዲሁ ደኅና እንደሚሆኑ አምናለሁ፤ የምግብ ፍላጎታቸው እንዳልቀነሰ በዓይኔ አይቻለሁና። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከንዴት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

እኔ በአውቶቡስ መቆሚያው ዳር ሻይና ከርከዴ የምሸጠው መንበረ ጀምበሩ ነኝ። መልኬን ላያስታውሱት ይችላሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚያዩኝ ከጀርባዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሳይሞቅ በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች የምታነብ ሴት አይተው ከሆነ፣ እኔው ነኝ። ማንበብ የቻልኩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ ያስተማረችኝም ያኔ ለዘመቻው ከተመደቡት ተማሪዎች አንዷ የነበረችው የገዛ ልጄ ዙፋን ዋሴ ናት። የፊደል ገበታውን ከጨረስን በኋላ በሰፈራችን ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልተገኘ፣ ዓረፍተ ነገር ያስለመደችኝ በእናንተው ሳምንታዊ ዜናና ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በቁጥር የተከፋፈለ፣ ምስጋና የበዛበትና ዋናው ጉዳይ ወደ ታች የወረደበት ሆኖ ቢያገኙት፣ የተማርኩት ከማን እንደሆነ ያስታውሱልኝ።

1ኛ/ ስለ ዜናው አጻጻፍ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በየሳምንቱ ቁጥር አንድ ላይ መፈክሩ፣ ቁጥር ሁለት ላይ አርአያ የሆኑ ተማሪዎች፣ ቁጥር ሦስት ላይ እርስዎ የተገኙበት ስብሰባ፣ ቁጥር አራት ላይ የምርት ክፍሉ ውጤት፣ ከዚያም የመረብ ኳሱ፣ የኪነት ጓዱ፣ የጽዳት ዘመቻው እያለ ይወርዳል። ተማሪው የግድ ሊያውቀው የሚገባው ነገር «ልዩ ማስታወቂያ» የሚል ስም ተሰጥቶት ከሁሉም በታች ከማኅተሙ አጠገብ ይቀመጣል። ልዩ የተባለው ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ አሁን ገብቶኛል። ልዩ የተባለው የሚያነቡት ልዩ ፍጡራን ስለሆኑ ነው።

2ኛ/ ይህም ወደ ሙጫው ይወስደኛል። ጽሕፈት ቤታችሁ ከጎንደር ሙጫ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ፣ በራስ መተማመን መርሕ፣ ወረቀቱን በማሽላ ዱቄት አጥሚት እየለጠፈ መሆኑን ሳደንቅ ኖሬአለሁ። አጥሚቱም እንደ ቤት ሰው አጥሚት ጨው አለው መሰለኝ፣ ምክንያቱም የምርት ክፍሉ ፍየሎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከበረታቸው እንደተለቀቁ በቀጥታ የሚሄዱት ወደ ሰሌዳው ነው። በኋላ እግሮቻቸው ቆመው፣ አንገታቸውን ዘርግተው፣ የሚደርሱበትን ያህል ይበላሉ። የሚደርሱት ደግሞ እስከ ቁጥር ሰባት ግድም ነው። የትምህርት ቤታችሁን በር ጠባቂ ጋሽ ማሩን ለምን አያባርሯቸውም ብዬ አቤት ብላቸው፣ «እትዬ መንበረ፣ እኔ የተቀጠርኩት በሩን ልጠብቅ ነው፤ ሰሌዳው በደመወዜ ላይ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰውየው የታዘዙትን ይሠራሉ። እንዲህ በመሆኑ እኛ የዚህ ከተማ ወላጆች መረብ ኳስ ቡድናችሁ ሸሕዲ ላይ ማንን እንዳሸነፈ አንድ በአንድ እናውቃለን፤ ምዝገባ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚዘጋ ግን የሚያውቁት ፍየሎቹ ናቸው።

እነዚህ ሁለቱ ለሳቅ ያህል የሚበቁ ነበሩ፤ እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ከደንበኞቼ ጋር ስስቅባቸው ከርሜአለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን አያስቅም።

3ኛ/ ጥቅምት እንደገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ የመንግሥት እርሻውን ሰሊጥ ለማጨድ እንዲዘምቱ፣ አጨዳው ሳይጠናቀቅም ማንም ከእርሻው እንዳይመለስ ያዘዘው ማስታወቂያ ወጣ። ይህኛው በመፈክሩ ቦታ በቁጥር አንድ ላይ ስለነበር ፍየል አልነካውም። እኔም አልተቃወምኩም። የቆላ ሰው ነኝና የሰሊጥን ጠባይ አውቃለሁ፤ በጊዜው ካልታጨደና ነዶው ታስሮ ካልቆመ የፍሬው ቆብ ተከፍቶ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ዘንድሮ እንደ ልብ አልነበረም። ልጄ የጎማ ጫማዋን አድርጋ፣ አንሶላዋን ጠቅልላ፣ ከጓደኞቿ ጋር በሎሪ ተጭና ሄደች። ከላይ ሆና የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማዬ፣ የማትሪክ ምዝገባ በዚህ ሰሞን አይቀርም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌዳውን አንብቢልኝ፣ ከወጣ በሎሪው ላኪብኝ።» እኔም እሺ አልኩ። ይህን አደራ ስቀበል የተሰማኝን ኩራት ለእርስዎ መደበቅ አልፈልግም። ከጥቂት ዓመት በፊት ስሜን መጻፍ የማልችል ሴት፣ ልጄ ለወደፊት ሕይወቷ ዓይን አድርጋ ተወችኝ።

እዚህ ላይ ሳልጠቅስ የማላልፈው ደስ የሚል ነገር አለ። ሎሪው በተነሣበት ማለዳ የአንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ልጆች በድንገት ታመው በየቤታቸው ቀርተው ነበር። ሁሉም አጨዳው ከማለቁ በፊት እንደዳኑ፣ ከዚያም አልፎ ጤናቸው የፈተና መመዝገቢያ ቅጽ ለመሙላት እንዳበቃቸው ሰምቼ እጅግ ተደስቻለሁ። የእኔዋም እንዲህ ያለ ወቅቱን የሚያውቅ በሽታ ቢኖራት ምን ነበረበት አልኩ።

4ኛ/ ምዝገባው ልጆቹ እርሻ ላይ ሳሉ መጣ። የዘመቻውን ማዘዣ የጻፈውና ተማሪዎቹን በሎሪ የጫነው ያው ጽሕፈት ቤታችሁ፣ «ያልተመዘገበ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በአካል ቀርቦ ቅጽ ይሙላ፣ ያልቀረበ ትምህርቱን በራሱ ፈቃድ እንዳቋረጠ ይቆጠራል» የሚል ልዩ ማስታወቂያ በሰሌዳው ግርጌ ለጠፈ። እኔ ይህን የምነግርዎ በኋላ ሰምቼ ነው፤ በወቅቱ የማነበው አላገኘሁም። ቅዳሜ ሄጄ ከላይ እስከ ታች ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ፤ ቁጥር ስድስት ላይ የኪነት ጓዱ አዲስ ከበሮ ማግኘቱን አነበብኩ፤ ከዚያ በታች የተቦጨቀ ወረቀትና የፍየል ምራቅ ነበር። ዝም ብዬ አልተመለስኩም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሄጄ ከታች ምን ተጽፎ እንደነበር በትሕትና ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ቀና ሳይሉ ሁሉም ነገር ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ፤ ያው መስኮት፣ ያው መልስ ነበር።

ዙፋን አጨዳው ሲያልቅ ተመለሰች። መዳፏ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ግን እየሳቀች ከሎሪው ወረደች። ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ሄዳ ስትመለስ መሳቋ ቀርቶ ነበር። በሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ አላነበብሽልኝም እንዴ?» አለችኝ። ጓድ ርዕሰ መምህር፣ ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ፤ አባቷን ዋሴን ስቀብርም ብዙ ሰው ብዙ ብሎኛል። እንደዚህች ቃል ግን የቆረጠኝ የለም። አንብቤ ነበር እኮ! እንደ እኔ አጥብቆ ያነበበው ያለ አይመስለኝም።

5ኛ/ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ይህንኑ በአጭሩ ስነግርዎ፣ ወንበር እንድይዝ ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። «ማስታወቂያ ከወጣ ሁሉም ሰው እንደሰማው ይቆጠራል» ብለው ያስተማሩኝን መመሪያም አልረሳሁትም። ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ያሉ ልጆች በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት እንዴት እንደሚሰሙ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ፍየሎቹ የሚያወሩ እንግዶች ስለነበሩብዎ ነገሬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

6ኛ/ የመጨረሻውና የሚያስደንቀው ትናንት ዓርብ የወጣው ዜናችሁ ነው። ከደረሰብኝ ተምሬ ሻይ ቤቱን ለጎረቤት ትቼ፣ ፍየሎቹ ሳይለቀቁ፣ አጥሚቱ ገና ሳይደርቅ ከሰሌዳው ደረስኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ከመፈክሩ እስከ ማኅተሙ አነበብኩት። ቁጥር ሁለት እንዲህ ይላል፦ በሰሊጥ አጨዳው ዘመቻ ለሌሎች አርአያ የሆነችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ዙፋን ዋሴ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሙሉ ዩኒፎርሟን ለብሳ ተገኝታ የክብር ወረቀት ከርዕሰ መምህሩ እጅ ትቀበላለች። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጣቴን ግን አላነሣሁም። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስደርስ ደግሞ፣ ከዚህ በታች ስማቸው የተዘረዘረው ትምህርታቸውን በራሳቸው ፈቃድ ያቋረጡ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቅጥር ግቢው እንዳይገቡ ይላል። ከተዘረዘሩትም ውስጥ ዙፋን ዋሴ አለች፤ አብረዋት ሲያጭዱ የከረሙት እነ አለነና ሙሚናም አሉ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ እንደ እናንተ ወግ ወደ ግርጌ አወረድኩት እንጂ ረስቼው አይደለም። የተሞሉት ቅጾች ገና ከጽሕፈት ቤታችሁ አልወጡም። የጎንደሩ አውቶቡስ ሹፌር ሻዩን እኔ ዘንድ ስለሚጠጣ፣ ፖስታውን የሚቀበላችሁ ማክሰኞ ማለዳ መሆኑን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። እስከዚያው የእርሻ ዘማቾቹን ጠርቶ ቅጹን ማስሞላት የሚፈጀው፣ ስለ ፍየሎቹ አንድ ዜና ከመጻፍ አይበልጥም። ልጄ ማትሪክ ወስዳ ብትወድቅ አንጀቴን አስሬ እቀበላለሁ። ሰሊጥ ስላጨደች ከፈተና ስትቀር ግን አልቀበልም፤ ይህን ያለ ምንም ጨዋነት፣ በግልጽ እነግርዎታለሁ።

ለወደፊቱም አንድ ሐሳብ ባቀርብ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ልዩ ማስታወቂያውን ወደ ቁጥር አንድ አውጡልን፤ የእርስዎን ስብሰባና የምርት ክፍሉን ውጤት ወደ ግርጌ አውርዱት። ፍየሎቹም ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ቢበሉ የበለጠ ይስማማቸዋል።

ዜናችሁን ከማንም በላይ አክብሬ የማነብ፣ በሰሌዳችሁ ፊት በመቆም እግሬ የነቃ፣ ለትምህርት ቤቱ አንዲት ልጅ ሰጥቼ አንዲት ልጅ እንዲመልስልኝ የምጠብቅ፣ ታዛዥዎ

መንበረ ጀምበሩ
ከአውቶቡስ መቆሚያው ሻይ ቤት

ተጨማሪ፦ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በአውቶቡስ መቆሚያው፣ በወፍጮ ቤቱና በገበያው መግቢያ ላይ ይገኛል። የተሰቀለው በአጥሚት ሳይሆን በሚስማር ነው፤ ከፍታውም ፍየል የማይደርስበት ነው።

ሰኞ ጠዋት ዙፋን ዩኒፎርሟን ለብሳ ትመጣለች፤ እኔም ከኋላዋ ነኝ። ጋሽ ማሩ የታዘዙትን የሚሠሩ ሰው ናቸውና፣ በቁጥር ሁለት ያስገቧት ወይስ በቁጥር ዘጠኝ ይመልሷት፣ ከወዲሁ ቢነግሯቸው መልካም ነው። ምናልባት በመዝገባችሁ ላይ ሁለት ዙፋኖች ካሏችሁ ግን ይመርምሩልኝ፤ እኔ የወለድኩት አንዲት ብቻ ነው።